አጨብጭቡላት

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ልጆቹ ግድግዳው ፊት ለፊት ተሰልፈው ሦስት ጊዜ «እችላለሁ» ይላሉ። ግድግዳው ድምፃቸውን ይመዝናል። ድምፅዋ የሰለለባት ካለች ስሟ ይበራና አራተኛ ትላለች። ከዚያ ገብተው ይቀመጡና አምባራቸውን በማይጽፉበት እጃቸው ያጠልቃሉ፤ አረንጓዴ ሲበራ ሒሳብ ይጀመራል። እኔ ከኋላ እቆማለሁ። ድሮ የምቆመው ከፊት ነበር፤ ያኔ መምህርት ነበርኩ። አሁን ደረቴ ላይ የተለጠፈው «አረጋጊ» ይላል። ልጆቹ ግን እናቶቻቸውን ስላስተማርኩ ከቤታቸው በሰሙት «ቲቸር ዘርትሁን» ነው የሚሉኝ፤ እኔም አላርማቸውም።

ሥራዬን ልንገራችሁ። አንዲት ልጅ ሰሌዳዋ ላይ ጥያቄ ይመጣላታል። ልቧ በኃይል መምታት ከጀመረ አምባሯ ቢጫ ይሆናል፤ ጥያቄውም ወዲያው ይለሰልሳል፤ ሁለቴ ስትሳሳትም እንዲሁ። ክፍልፋይ የነበረው ማካፈል ይሆናል፣ ማካፈሉ መቀነስ፣ መቀነሱ መደመር፤ አረንጓዴው እስኪመለስ ድረስ። በዚህም ካልተመለሰ እኔ እሄድና ትከሻዋን ዳበስ ዳበስ አደርጋታለሁ። በቃ ይኸው ነው። ሠላሳ አራት ልጅ፣ ሠላሳ አራት ትከሻ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰሌዳው የእያንዳንዷን የዕለት ደስታ ለወላጅ ይልካል፤ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት፣ ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ። ከሥሩ የእኔ ፊርማ አለ። እዚህ ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር ባለችው በኛ ትምህርት ቤት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሒሳብ የወደቀች ሴት ልጅ የለችም። ሒሳብ የጠላችም የለችም። ወንዙ ላይ ያለው ድልድይ አምና ክረምት ሲያዘነብል፣ ይቆማል አይቆምም ብሎ አስልቶ የሚነግረን ሰው ከባሕር ማዶ አስመጣን እንጂ ሌላው ሁሉ ሰላም ነው።

ለመርገም የቸኮለ ካለ ግን ትንሽ ይታገሠኝ፤ አምባሩ እንዲመጣ ከለፈለፉት አንዷ እኔው ነኝ። በ2018 ዓ.ም. ሰባተኛ ክፍል እያለሁ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ፊት አቆመኝና «ሦስት አራተኛን ለሁለት አምስተኛ አካፍዪ» አለኝ። ጠመኔው እጄ ላይ በላብ ራሰ። ጠበቀኝ፣ ጠበቀኝና «አይ ሴትና ሒሳብ!» ብሎ ክፍሉን አሳቀብኝ። ሰባ ሁለት ልጅ ነው የሳቀው። ከዚያ በኋላ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ በደረሰ ቁጥር የመጨረሻው ወንበር ላይ እደበቅ ነበር።

በዓመቱ መምህር ሽፈራው የሚባሉ ሽማግሌ መጡ። ያንኑ ዓይነት ጥያቄ ሰጡኝ። ሠራሁት። ዓይተው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ወደ ክፍሉ ዞሩና «አጨብጭቡላት!» አሉ። ጧ! ጧ! ጧ! ሦስት ጊዜ፣ እኩል። እናንተ የዛሬ ልጆች አታውቁትም። ያ ሁሉ የሳቀ እጅ ላንቺ ሲያጨበጭብ ምን እንደሚመስል በምን አፌ ልንገራችሁ? ቤቴ እስክገባ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። መምህርት የሆንኩት በዚያች ጭብጨባ ነው።

ታዲያ በ2044 የትምህርት መመሪያ ከሚያወጣው ማዕከል ሰዎች መጥተው «ሴቶቹን ከሒሳብ ያራቃቸው ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁን ስለ ሳቁ ነገርኳቸው። ስብሰባው መሀል ላይ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ጻፉት። ስለ ጭብጨባው ግን አልነገርኳቸውም፤ ምን ያደርግላቸዋል ብዬ ነው። መመሪያው ሲወጣ ሳቅ ተከልክሏል፣ ጭብጨባም ተከልክሏል። «ለአንዷ ማጨብጨብ ያልተጨበጨበላትን ያሳንሳል» ይላል። ልክ ነው ብዬ ፈረምኩ። ያን ጊዜ የፈተና ቀን የሚያስመልሳቸው፣ ሽንት ቤት ገብተው የሚደበቁ ልጆች ነበሩኝ። አምባሩ በመጣ በወሩ ማስመለሱ ቆመ። ይህን በዓይኗ ያየች ሴት አትፈርምም?

ዘምዘም እንድሪስ ወደ ክፍሌ የመጣችው በአሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሻሿ ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚንሸራተትባት ልጅ። በመጣች በሁለተኛው ቀን ክፍሉ መሀል ተነስታ ቆመች።

«ወሰደብኝ!»

«ማን ነው የወሰደብሽ?» ብዬ ሮጥኩ።

«ይኼ ነዋ!» አምባሯን ፊቴ ላይ አወዛወዘችው። «ልይዘው ስል ይወስድብኛል። አምስትና ሦስት ደምሪ ይለኛል። ሕፃን ነኝ እንዴ ቲቸር?»

«ፈርተሽ እኮ ነው የኔ ልጅ። ልብሽ መታ።»

«ወላሂ አልፈራሁም! ደስ ብሎኝ ነው የመታው!»

ትከሻዋን ልዳብስ የዘረጋሁት እጅ አየር ላይ ቀረ። የአንገቷን ሥር አየሁት፤ ይዘላል። ያ የፍርሃት አልነበረም። የናፈቁት ዘመድ በር ሲያንኳኳ የሚዘለው ነው። እኔም አውቀዋለሁ፤ ለስንት ዓመት ረስቼው እንጂ። ለማዕከሉ ጻፍኩ። «ይህች ልጅ የሚመታው ልቧ ጥያቄውን ስለወደደችው ነው፤ እባካችሁ አታለስልሱባት» አልኩ። መልሱ በማግስቱ መጣ፦ «የልብ ምት የልብ ምት ነው። ተማሪዋ ስሜቷን በትክክል መሰየም ገና አልተማረችም። በርቺ።»

ዘምዘም የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ጥልቅ ክፍል መግባት። በአገሩ ሒሳብ ሳይለሰልስ የሚሰጥበት የቀረው ቦታ እሱ ብቻ ነው። ለመግባት ደግሞ በዓመት አንዴ የሚሰጠውን አንድ ያልለሰለሰ ጥያቄ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው መሥራት ያስፈልጋል፤ ያውም አምባሩ አንድ ጊዜ እንኳን ቢጫ ሳይሆን። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ከእኛ አንዲትም አልገባችም። ጥያቄውን የማይወዱት ልጆች ይረጋጋሉ፣ ግን አይሠሩትም። የምትወደው ደግሞ ልቧ አሳልፎ ይሰጣታል። እስቲ ይህንን ያወጣው ሰው ምን በልቶ ነው?

ኅዳር ላይ ነው ነገሩን የደረስኩበት። ዘምዘም ሰሌዳዋ ላይ አቀርቅራለች፤ የአንገቷ ሥር ይዘላል፤ ሰሌዳው ግን አረንጓዴ ነው። ጥያቄው አልለሰለሰም። ጠጋ ብዬ ዐየኋት፤ እጇ ላይ ያለው አምባር መብራት የለውም። ትምህርት የጨረሰችው የእህቷ፣ የሞተ አምባር ነው። አጠገቧ ኤልዳና ተቀምጣለች። ኤልዳና የእሳት ደወል ቢጮህ ደብተሯን አጣጥፋ፣ እስክሪብቶዋን ከድና የምትነሳ ልጅ ናት። ሒሳብ አትወድም፣ አትጠላም። የግራ እጅጌዋ አብጧል። ገለጥ አደረግኩት፤ ሁለት አምባር፣ ሁለት አረንጓዴ።

ሁለቱም ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ዘምዘም ከንፈሯ ደረቀ።

ኤልዳና ናት የተናገረችው፤ እንደ ልማዷ ቀስ ብላ። «እኔ እኮ ዝም ብዬ ነው የምቀመጠው ቲቸር። ዝም ብዬ መቀመጤ ለሷ ከጠቀማት ምናለበት?»

ማመልከት ነበረብኝ። ግዴታዬ ነው፤ ፈርሜበታለሁ። «እጅጌሽን ሳቢው፣ ይታያል» አልኳትና ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እግሬ እየቀለለኝ ነበር ትምህርት ቤት የምሄደው። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አፍሬ ልደብቀው?

ቤቴ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ የለስላሳ ቆርኪ አለኝ። ድሮ አንደኛ ክፍል መቁጠር የምንማረው በቆርኪ ነበር፤ እናቴ ያጠራቀመችልኝ ነው። አሁን ጠርሙሱም ቆርኪውም የለም። ለዘምዘም እፍኝ ሙሉ ሰጠኋት። በእረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ ባለው ዋርካ ሥር እየደረደረች ትጫወትበታለች፤ ኤልዳና አጠገቧ ጋደም ብላ ሰማይ ታያለች። ዝናብ ይዞን ክፍል ውስጥ በቀረን ቀን ደግሞ ለልጆቹ ስለ መምህር ሽፈራው ጭብጨባ አወራኋቸው። «ኧረ ቲቸር! ክፍል ውስጥ? በእጅ?» ብለው ተገረሙ። ሦስት ጊዜ፣ እኩል፣ ብዬ እንዴት እንደሆነ በጣቴ ጠረጴዛ መትቼ አሳየኋቸው። ምነው አፌን በቆረጠው።

ግንቦት አሥራ ሁለት ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ያልለሰለሰው ጥያቄ መጣ። ለሁሉም ነው የሚመጣው። እንዲህ ይላል፦ «አንድ። አንድና ሦስት። አንድና ሦስትና አምስት። እንዲህ እያለ ኢተጋማሽ ቁጥሮች በተራ ሲደመሩ፣ ድምሩ ምንጊዜም አንድ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ለምን? ለማንኛውም ርዝመት አሳዪ።»

በሁለት ደቂቃ ውስጥ አብዛኞቹ ለሰለሰላቸውና ሳቅ ሳቅ እያሉ መደመር ጀመሩ። ዘምዘም አልነካችውም። ዝም ብላ ታየዋለች። ጻፈች፣ ሰረዘች። አራት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ ስድስት ብላ ደርድራ ጻፈች፤ «መሆኑንማ ዐየሁት፣ ለምን?» ብላ አጉረመረመች። ሃያ ደቂቃ አለፈ። እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ። አንድ ቃል ብናገር አበቃ። ኤልዳና አገጯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ለሁለት ትረጋጋለች።

ከዚያ ዘምዘም እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች። አንዲት ቆርኪ አወጣች፣ አስቀመጠች። በአንድ ጎኗ አንድ፣ በሌላው ጎኗ አንድ፣ ማዕዘኑ ላይ አንድ። ሦስት። ሁለት በሁለት ሆነ። እንደገና በሁለቱ ጎን ሁለት ሁለት፣ ማዕዘኑ ላይ አንድ። አምስት። ሦስት በሦስት ሆነ።

«ቤት ነው እኮ!» አለች፤ ለራሷ፣ በሹክሹክታ። «ቤት ላይ በረንዳ መጨመር ነው! በሁለት ጎን በረንዳ፣ ከዚያ የማዕዘኗ አንድ። ቤቱ በአንድ ሲሰፋ በረንዳው በሁለት ይበልጣል። ሁልጊዜ! ሁልጊዜ ካሬ ነው፣ ሌላ መሆን አይችልም!»

ቆርኪዎቹን ሥላ መጻፍ ጀመረች። እጇ ከራሷ ቀድሞ ነው የሚሄደው። ጨረሰች፤ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሰሌዳው ላይ «ልክ» የሚል ቃል መጣ። ከሥሩ «ማሳረፊያ፦ አምስት ደቂቃ» ይላል። አምስት ደቂቃ አረንጓዴ ሆኖ ከተቀመጠ ይዘጋል፣ ትገባለች። አምስት ደቂቃ ብቻ።

ምን እንደነካኝ እንጃ ልላችሁ ነበር፤ ውሸቴን ነው። አውቀዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ትከሻ ስዳብስ ከርሜ አንዲት ልጅ ዓይኔ እያየ ለምን የሚለውን መለሰችው። እንባዬ መጣ፣ ጉሮሮዬ ተከፈተ፣ መምህር ሽፈራው ከውስጤ ተነሱ።

«አጨብጭቡላት!»

ልጆቹ ዞረው ዐዩኝ። መጀመሪያ የተነሳችው ማን ናት ትላላችሁ? ኤልዳና! ያች ደወል የማያስነሳት ልጅ ከወንበሯ ተፈናጥራ ተነሳች፤ ፊቷ በሙሉ ጥርስ ሆኖ። ጧ! ሌሎቹ ተከተሏት። ጧ! ጧ! ሦስት ጊዜ፣ እኩል፣ አንዲት እንኳን ሳትሳሳት። ዘምዘም ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር። እንደዚያ ቆንጆ ሆና ዐይቻት አላውቅም።

ኤልዳና የተነሳችው ግን ሁለቱንም አምባር እንዳጠለቀች ነው። ልቧ በዓመት አንዴ የዘለለው ያን ቀን ነው።

ግድግዳው ቀላ። «ዘምዘም እንድሪስ፦ የልብ ምት 138። ሦስት ጭብጨባ» አለ። ቀጥሎ ሌላ መስመር መጣ፦ «ተማሪዋ ለራሷ አጨብጭባለች። እጆቿ ግን አፏ ላይ ናቸው። ይጣራ።» ኤልዳና እጆቿን ዐየቻቸው። ገብቷታል። ቁጭ አለችና እጅጌዋን ሳበችው፤ ያኔ ምን ዋጋ አለው።

ለማጣራት ከማዕከሉ የመጣችው ሶሊያና ናት፤ የዛሬ አሥር ዓመት ትከሻዋን ስዳብሳት የነበረች ልጅ። «ቲቸር ዘርትሁን! ደስ ሲሉ!» ብላ አቀፈችኝ። ደስተኛ ናት፣ በራሷ ትተማመናለች፣ እጇ ላይ የትልልቆች አምባር አለ። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳት፤ ኅዳር ላይ ዐይቼ ዝም ብያለሁ፣ ያስጨበጨብኩትም እኔ ነኝ። ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። ከኅዳር ስድስት እስከ ግንቦት አሥራ ሁለት ስንት የትምህርት ቀን እንደሆነ ልትጽፍ ፈለገችና አምባሯ ቢጫ አለ። ሳቅ ብላ «ብዙ ቀን» ብላ ጻፈች።

«ሶሊያናዬ፣ በሞቴ» አልኳት፣ «የአምባሩን ተዪው። መልሱን እዪው። ልጅቱ የሠራችውን አንዴ ብቻ አንብቢው!»

ሰሌዳውን ከፈተችው። ግንባሯን ቋጠር አድርጋ ሁለት መስመር አነበበች። ቢጫ በራ። ሰሌዳው ጽሑፉን አነሳና የቆርኪዎቹን ሥዕል ብቻ ተወላት።

«እንዴት ያምራል!» አለች፤ ከልቧ ነው። «ሥዕል ትወዳለች ማለት ነው?»

የራሴን ሥራ ነው ያየሁት። ይህችን ልጅ ስትፈራ ያረጋጋኋት እኔ ነኝ፤ ስንቴ ልትይዘው ስትል እጄን ትከሻዋ ላይ እንዳሳረፍኩ እግዜር ይቁጠረው።

ውሳኔው በሳምንቱ መጣ፤ ጨዋ ውሳኔ ነው፣ ቁጣ የለበትም። የዘምዘም መልስ ተሰረዘ። የማይወልቅ አምባር ታሰረላት። ኤልዳና ወደ ከሚሴ ትምህርት ቤት ተዛወረች፤ እዚያው አክስቷ ጋ እንድትኖር። ዘምዘም በሚቀጥለው ዓመት ሁለት መቶ የትምህርት ቀን አንዴም ቢጫ ካልሆነች ኤልዳና ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፤ አንዲት ቢጫ ከበራች ግን እዚያው ትቀራለች። እኔን ምንም አላሉኝም። አረጋጊ ይጎድላል። በመሸኛው ቀን ኤልዳና በር ላይ አቀፈችኝና «ቲቸር፣ እሷን እንዳይቆጧት» አለችኝ። ማን ማንን ነው የሚቆጣው?

አሁን መጋቢት ነው። ዛሬ መቶ አርባ ስድስተኛው ቀን ነው። ዘምዘም ሁልጊዜ አረንጓዴ ናት። ሻሿ አይንሸራተትም። ጠዋት «እችላለሁ» ስትል ግድግዳው አራተኛ ጠይቋት አያውቅም። ቀጥሎ በሚመጣው ግንቦት ደግሞ ያልለሰለሰው ጥያቄ ይመጣል፤ እኔም በቂሎ ልቤ አሰብኩ። ይህች ልጅ ልቧን መግራት ችላለች፤ ማንም ሳያግዛት አረንጓዴ ሆና ልትሠራው ነው አልኩ። ደስ ብሎኝ ቆርቆሮዬን ይዤ መጣሁ።

በእረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ ብቻዋን አገኘኋት።

«ዘምዘምዬ፣ እስቲ ይቺን እያት።» አንዲት ቆርኪ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ። በጎንና በጎኗ፣ በማዕዘኗም ሦስት ጨመርኩ። «ይህ በረንዳ ቁመት ቢኖረውስ? ቤቱ ወደ ላይም ቢያድግ፣ በስንት በስንት ነው የሚጨምረው?»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«አያሳዩኝ ቲቸር።»

«ምነው የኔ ልጅ? ማንም የለም እኮ።»

«ካየሁት ይመታል።» ድምፅዋ ረጋ ያለ ነው፤ የኤልዳናን ድምፅ ነው የሚመስለው። «ይህን ልብ ለማስተኛት ስንት ወር ፈጅቶብኛል፤ አይቀስቅሱብኝ። ኤልዳና ሃምሳ አራት ቀን ነው የቀራት።»

«እንዴት አድርገሽ ነው ያስተኛሽው?»

«ጥያቄ ሲመጣ አላነበውም። ፊደሉን ፊደሉን ነው የማየው። ሁለቴ ስሳሳት ይለሰልሳል፤ ከዚያ እመልሳለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ይከብደኝ ነበር። አሁን ግን ቲቸር፣ ሲመጣም አላውቀውም።»

«ኤልዳና ስትመለስስ? ያኔ ትቀሰቅሺዋለሽ አይደል?»

መልስ ስትፈልግ ዐየኋት፤ ከልቧ ፈለገች። «እንጃ» አለች።

ቆርኪዎቹን ሰበሰብኩ። አንዷ ተንከባልላ ወደቀች። ዘምዘም ወደ መስኮቱ እንደዞረች ጎንበስ ብላ በእጇ ዳብሳ አገኘቻት። ጥርስ ጥርሱን በአውራ ጣቷ አንዴ ዞር አድርጋ ነካችና ሳታያት መለሰችልኝ። አምባሯን ዐየሁት፤ አረንጓዴ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰሌዳው የዕለቱን ደስታ አወጣ። ዘምዘም እንድሪስ፣ አሥር ከአሥር። ከክፍሉ አንደኛ ናት። ከሥሩ የአረጋጊዋ ፊርማ ይፈለጋል፤ ፈረምኩ።